ሃምሳ መስኮት

ንፋስ መውጫ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለዶክተር ቤዛዊት፣

«ዶክተር» ያልሁት ለፖስታው ጌጥ ነው። ከፖስታው ውስጥ ያው አፍንጫሽን በቀሚስሽ ጫፍ የምትጠርጊው የወንድሜ ልጅ ነሽ።

በሹፌሩ በሚሊዮን በኩል የላክሽው «ዕቃው የት ቀረ?» የሚል ቁጣ ደርሶኛል። ዕቃው እኔ ዘንድ ነበር። መንገዱ ተዘግቶ አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ሱቄ መደርደሪያ ላይ፣ ከተበላሹ ሬዲዮኖች መሀል ተቀምጦ ሰነበተ። ስልኩም ከሞተ ወር አልፎታል። እንግዲህ መንገድ በተከፈተ ቁጥር ሚሊዮን ደብዳቤያችንን ያመላልሳል፤ እኔና አንቺም እንደ ጥንት ሰዎች በወረቀት እንጨቃጨቃለን።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳሽ። የኔታ ቀለመ ወርቅ በነሐሴ በቤተ ልሔም የድጓ ትምህርት ቤት እያስተማሩ ሳለ ተዝለፍልፈው ወደቁ። ለካ ሰገራቸው እንደ ቅጥራን ከጠቆረ ሰንብቷል፤ ለማንም አልተናገሩም። ሐኪሙ ከጨጓራቸው ግድግዳ ላይ ሰባት ሳንቲ ሜትር የሚሆን ዕጢ አወጣ። «ክፉ ይሁን ደግ በማይክሮስኮፕ ነው የሚለየው፤ እዚህ የሚያነበው ሰው የለም፤ ጎንደር ውሰዱት» ብሎ በጠርሙስ አድርጎ ለእኔ ሰጠኝ። ጎንደር ደግሞ አንቺ አለሽ።

የኔታ ለእኔ ምን እንደሆኑ ታውቂያለሽ። በአንድ ዓመት ነው ቤተ ልሔም የገባነው። እሳቸው ድጓውን ጨረሱ፤ እኔ የመምህራችንን ሰዓት ፈትቼ መልሼ መግጠም ቢያቅተኝ ተባረርሁ። በሰው ፊት አንቱ እላቸዋለሁ፤ ለብቻችን ስንሆን ግን አንተ ነው። አሁን ከሥራቸው አርባ ተማሪ አለ፤ ግማሹ ድጓውን እኩሌታ ላይ አድርሶታል። እሳቸው ከሄዱ ያ ሁሉ ልጅ መምህር ፍለጋ ይበተናል። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፤ ይኖራሉ ወይ?

ጠርሙሱን እንደ ተሰጠኝ ልኬዋለሁ። ክዳኑን በፕላስተር አሽጌዋለሁ። ተሳፋሪዎቹ ማር መስሏቸው እንዳይቀምሱት ሚሊዮንን አስጠንቅቄዋለሁ።

አጎትሽ ዋሲሁን፣ ሰዓትና ሬዲዮ ጠጋኝ


ጎንደር፣ ጥቅምት 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

ውድ ጋሼ ዋሲሁን፣

እንዴት ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ፤ አፍንጫዬንም አሁን በመሐረብ ነው የምጠርገው።

ጠርሙሱ ደርሷል። ዕጢውን ስንሰነጥቀው ዳር ዳሩ ጠንከር ያለ ነበር፤ መሀሉ ግን ከሚገባው በላይ ላላ ያለ። በሰም ውስጥ አድርገን፣ ስስ አድርገን ቆርጠን፣ ቀለም ቀብተን አየነው። ሴሎቹ ረዣዥም ናቸው፤ ወገባቸው ወፈር፣ ሁለቱም ጫፋቸው ቀጠን ያለ ነው፤ ልክ እንዝርት። በነዶ በነዶ ታስረው እርስ በርስ ይሻገራሉ። ከአንዳንዱ ሴል አስኳል ጎን ነጣ ያለች ባዶ ጉድጓድ አለች። ሌላ ልዩ ቀለም ስናፈስበት ሁሉም ቡናማ ሆኑ። ስለዚህ ምንነቱ ታውቋል፤ ጂስት ይባላል። ሆድ ምግቡን በልኩ እንዲገፋ ምት ከሚሰጡ ሴሎች ወገን የሚነሣ ዕጢ ነው። እንደ እርስዎ ሥራ ቢሆን የሆድ ሰዓት ተበላሸ ይሉት ነበር።

ይኖራሉ ወይ ብለው ለጠየቁኝ ግን በቅርጹ ብቻ መመለስ አልችልም። የሚመልሰው ቁጥር ነው። በማይክሮስኮፑ በአንድ ጊዜ የሚታየውን ክብ መስኮት ይበሉት። ሃምሳ መስኮት አያለሁ። በሃምሳው ውስጥ አንዱ ሴል ለሁለት ሲከፈል የተያዘበትን ቦታ ሁሉ እቆጥራለሁ። ሰባት ሳንቲ ሜትር ለሆነ የጨጓራ ዕጢ፣ ቁጥሩ ከአምስት ካላለፈ የመመለስ ዕድሉ ትንሽ ነው። ካለፈ ግን ከግማሽ በሚበልጡት ሰዎች ላይ ይመለሳል፤ ጉበት ላይም ይወጣል። ለዚያ በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን አለ፤ ሦስት ዓመት ይዋጣል። ቶሎ ሲጀመር ነው የሚጠቅመው።

ከመቁጠሬ በፊት በሌላ ወረቀት ስለ ጠርሙሱ አራት ጥያቄ ጽፌያለሁ። እባክዎ አይቀልዱባቸው።

ቤዛዊት


ንፋስ መውጫ፣ ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ቤዛ፣

ለአራቱ ጥያቄዎችሽ በተራ መልሱ ይኸው። አንደኛው፦ አዎ። ሁለተኛው፦ በፍጹም። ሦስተኛው፦ አሥራ ሁለት ቀን፤ ቀደም ብዬ ነግሬሻለሁ። አራተኛው ላይ የሰዓት ዘይት ፈሶበት ማንበብ አልቻልሁም።

የእንዝርቱን ነገር ለየኔታ ነገርኋቸው። ለገበያ ሲመጡ ሱቄ ገቡ፤ በርጩማዬን ወሰዱብኝና እኔ ቆሜ አስረዳሁ።

«በሆድህ ውስጥ እንዝርት ሞልቷል ተብሏል» አልሁ።

«ፈታይ ሲጠፋ ነዋ» አሉ። «ያቺ ልጅ ቆጠረች?»

«ልትቆጥር ነው። ሃምሳ መስኮት ታያለች።»

«ሃምሳ! እኔ ድጓውን ስቀጽል በየመስመሩ የዜማውን ምልክት ስቆጥር ዐይኔ የፈሰሰው አንሶ፣ አሁን ደግሞ የእኔን ሥጋ መስመር በመስመር ታነባለች? ቀስ ብላ ታንብብ በላት። የቸኮለ አንባቢ ዜማ ያፈርሳል።»

ይህን ብለው ሲወጡ፣ ከበሩ ላይ ዞረው «አንተ፣ ጠርሙሱን ደህና አድርገህ ላክህ አይደል?» አሉኝ። እኔም «እንደ ታቦት ነው የያዝሁት» አልሁ። ወዲያው በእንዲህ ያለ ቃል ይማላል ወይ ብለው ገሠጹኝ፤ ነገሩም በተግሣጹ ተሸፍኖ አለፈ።

ያቺ ትምህርት ቤቱ ሲጥላት ያነሣኋት ማይክሮስኮፕ አለች። የሽንኩርት ልጣጭ ያሳየሁሽ ጊዜ «ጡብ ነው የተሠራው» ብለሽ የጮኽሽባት። አንድ መነጽሯን ቀይሬላታለሁ። ሰሞኑን እኔም አንድ ነገር ላይባት እየሞከርሁ ነው። ምን እንደሆነ አልነግርሽም። ዶክተር አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ?

ዋሲሁን


ጎንደር፣ ኅዳር 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ቁጥሩ ሦስት ነው።

ሃምሳ መስኮት አየሁ፤ አለቃዬም ለብቻው ሃምሳ አየ። እኔ ሦስት፣ እሱ ሁለት አገኘን። በሦስቱ ፈረምን። በወረቀቱ መሠረት ኪኒን አያስፈልጋቸውም። በየስድስት ወሩ መታየት ብቻ ነው።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግን አላለኝም። አስኳሎቹ የተጨማደዱ ናቸው፤ የአንዱ ዳር ከሌላው ተጣብቆ ይደበዝዛል። «ይህ እየተከፈለ ነው ወይስ ሞቶ ነው?» ብዬ ተጠራጥሬ ያለፍኳቸው ብዙ ናቸው። የተጠራጠሩትን አይቆጥሩም፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። አለቃዬ «ዕቃው መንገድ ላይ ሰንብቷል፤ ከዚህ የተሻለ አይወጣውም» አለኝ። ወረቀቱ ግርጌ ላይ «ናሙናው በአግባቡ አልተጠበቀም» ብዬ ጽፌያለሁ። ያንን ዓረፍተ ነገር ማንም አያነበውም።

እባክዎ ለአራተኛው ጥያቄ መልስ እስኪሰጡኝ ድረስ ለየኔታ ምንም አይንገሯቸው። ዘይት እንዳይፈስበት በፖስታው ጀርባ በትልቁ ጽፌዋለሁ።

ቤዛዊት


ንፋስ መውጫ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

የተከበርሽ ቆጣሪ፣

«አይንገሯቸው» የሚለውን ያነበብሁት ከነገርሁ በኋላ ነው። ጥፋቱ ያንቺ ነው። «ሦስት ነው» ብለሽ ከላይ ጻፍሽው፤ እኔም የመጀመሪያውን መስመር አንብቤ ደብዳቤውን ኪሴ ከትቼ ወደ ቤተ ልሔም ሄድሁ። መኪናው ካወረደኝ በኋላ ያለውን መንገድ በዚህ ዕድሜዬ ሮጥሁት ብል ታምኚያለሽ?

የኔታ «ሦስት!» አሉ። «በሥላሴ ቁጥር ነው ምሕረት ያገኘሁት!» ብለው መቋሚያቸውን መሬት ላይ ሲመቱት ተማሪው ሁሉ ምን መጣ ብሎ ቆመ። ረዳታቸው መሪጌታ ወልደ ሰንበት አቅፈው ሳሟቸው። አውድማ ላይ ገብስ የሚወቁት ሰዎች ሳይቀሩ በሬዎቻቸውን አቁመው መጡ። እኔን ጭምር መረቁኝ፤ ያንቺን ምርቃትም በእኔ ላይ ጫኑት። ከባድ ነበር።

ስድስት ወር ሲሞላ ይታዩ ያልሽውን ነግሬያቸዋለሁ። «እግዜር ሦስት ብሎ ከቈረጠ በኋላ ሐኪም ደጅ መመላለስ አለማመን ነው» አሉኝ። እኔ ደግሞ አልተከራከርሁም። ብዙ ሰው ደስ ብሎት ሳለ አንድ ሰው ተነሥቶ «ቆዩ» ማለት ይከብዳል። ያ አንድ ሰው እኔ ስሆን ይበልጥ ይከብዳል፤ ሕይወቴን በሙሉ ሲያስቁኝና ሳስቅ የኖርሁ ነኝና «ቆዩ» ብል ቀልድ ነው የሚመስላቸው።

ስለ ፖስታው ጀርባ፣ «ዕጢው የተቀመጠው በምን ውስጥ ነው?» ስላልሽው። ጠርሙሱ ውስጥ የነበረው ፈሳሽ ነው። ፈሳሽ ነበር፤ ፈሳሽ ሆኖም ደረሰ። ከዚህ በኋላ ይህን ጥያቄ ተይኝ።

ዋሲሁን


ንፋስ መውጫ፣ መጋቢት 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ቤዛዊት፣

ሦስት ወር ዝም ማለቴ መንገድ ተዘግቶ ብቻ አይደለም። ሁለት ጊዜ ተከፍቶ ነበር። ሚሊዮን ሁለቱንም ጊዜ ሱቄ በር ላይ ጥሩንባውን ነፍቶ «ጋሽ ዋሲሁን፣ ወረቀት የለም?» ብሎኝ «የለም» ብዬዋለሁ።

በመጨረሻው ደብዳቤሽ ስለ መቀነታቸው ጠይቀሽኛል። እንዴት እንደዚያ ያለ ነገር መጠየቅ ተማራችሁ? ባትጠይቂኝ ኖሮ ባላየሁት ነበር። ባለፈው እሑድ አየሁት። መቀነታቸውን አላልተው ነው የሚታጠቁት፤ የድሮው ቋጠሮ ዱካ አሁን ከቋጠሮው አልፎ ሆዳቸው ላይ ተዘርግቷል። ፊታቸው ግን ከስቷል። ከጾም በኋላ ሁለት ጉርሻ ጎርሰው «ጠገብሁ» ይላሉ። «ሁዳዴ ነው» አሉኝ። እኔ እኚህን ሰው ሃምሳ ሁዳዴ አውቃቸዋለሁ። በሁዳዴ ሆዳቸው ገብቶ መቀነታቸው ይጠብቃል እንጂ አይላላም።

እንግዲህ አራተኛውን ጥያቄ ልመልስልሽ።

ጠርሙሱ በተሰጠኝ በማግስቱ ከፈትሁት። ዕጢውን ላየው ነበር። አንቺ የምታዪትን እኔም ማየት አለብኝ ብዬ፣ በራሴ ማይክሮስኮፕ። ከዳሩ በአዲስ ምላጭ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቁራሽ ቆረጥሁ። እንዳትበላሽብኝ ብዬ ሐኪሙ ሥጋው እንዳይበሰብስ የጨመረበትን ፎርማሊን አብዛኛውን ወደ ሌላ ብልቃጥ ገልብጬ እዚያ ውስጥ አኖርኋት። ትልቁ ጠርሙስ ጎደለ። የጎደለውን በጎረቤቴ በፋንቱ ሁለት ጊዜ በነጠረ ዳግም አረቄ ሞላሁት።

በአረቄ የተቀመጠ እባብ ሥዕል መጽሐፍ ላይ አይቼ ነበር፤ ዓመታት ይቆያል ይላል። የፋንቱ ዳግም ደግሞ ክብሪት ሲያይ የሚነድ ነው። ይህን ለራሴ እንደ ምክንያት ነግሬው ነበር። ምክንያቱ ግን ይህ አይደለም። የኔታ አርባ ዓመት ሙሉ አረቄ ጠጪውን ሲገሥጹ ኖረዋል፤ እኔንም በሕዝብ ፊት ስሜን ጠርተው። ሥጋቸው በፋንቱ ዳግም ሰክሮ፣ በሚሊዮን መኪና እየተንገዳገደ ጎንደር ሲገባ ታየኝ። ሱቄ ውስጥ ብቻዬን እስኪያስለኝ ሳቅሁ። ሲያረጁ ልነግራቸው፣ ለዚያን ቀን አስቀምጬው ነበር።

ቁራሿን ማየትም አልቻልሁበትም። ምንም ባሳሳት ብርሃን አያልፍባትም፤ ጥቁር ድንጋይ ሆና ትታየኛለች። ግን እስካሁን በዚያው በንጹሑ ፎርማሊን ውስጥ ናት። አረቄ አልነካትም። ከዚህ ጋር ልኬያታለሁ። አንቺ ቁጠሪያት።

በዚህ ደብዳቤ ለምን እንደማልቀልድ አሁን ገብቶሻል።

ዋሲሁን


ጎንደር፣ ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጋሼ ዋሲሁን፣

ቁራሹ ደርሶኝ በአራተኛው ቀን አየሁት። ከዚያች ትንሽ ቁራሽ ቆርጠን መስተዋት ላይ ያኖርነው የመጻሕፍት ሥዕል ነው የሚመስለው። እንዝርቶቹ አንድ በአንድ ይለያሉ፤ አስኳሎቻቸው ጥርት ያሉ ናቸው። መጠራጠር የለም።

በመጀመሪያው ሃያ መስኮት ስድስት ደረሰ። እዚያ ላይ ተነሥቼ ወጣሁና በረንዳው ላይ ቆምኩ። ተመልሼ የቀረውን ሠላሳ ጨረስኩ። አሥራ አራት ነው።

ሲከፈል የተያዘን ሴል እንደ ተያዘ የሚያቆመው ጥሩ ፎርማሊን ነው። ፎርማሊኑ ሲሳሳ ወይ ሥራውን ጨርሶ ይሰወራል፣ ወይ ፈርሶ ከሞተው ጋር ይመሳሰላል። በጠርሙሱ ውስጥም አሥራ አራት ነበሩ ማለት ነው፤ ሦስቱን ብቻ ነው ያገኘሁት። እጄ ነው የፈረመው።

ለአለቃዬ ደብዳቤዎን አሳየሁት፤ ማሳየት ነበረብኝ። ሲያነበው የእርስዎን ስም በጣቴ ሸፍኜ ያዝኩት። የመጀመሪያውን ወረቀት ሽረን አዲስ ጻፍን።

ኪኒኑን ከኅዳር ጀምሮ መዋጥ ነበረባቸው። አሁን መጥተው ጉበታቸውና ሆዳቸው በምርመራ መታየት አለበት። የሚወስዱት መጠን በዚያ ነው የሚወሰነው። የመጀመሪያውን ወር ኪኒን ከአዲስ አበባ አስመጥቻለሁ፤ እኔ ዘንድ ነው። ጠዋት ይሁን ማታ፣ ከምግብ ጋር፣ በትልቅ ብርጭቆ ውሃ ነው የሚዋጠው። በጾም ሰዓት አልውጥም ካሉ ከጾም በኋላ ይዋጡት። መዋጥ ግን አለባቸው።

እርስዎ ይንገሯቸው። መሪጌታን አይላኩ፤ ወረቀትም አይላኩ።

ለእርስዎ የምለው ነበረኝ። ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩት።

ቤዛዊት


ንፋስ መውጫ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ፣

ነግሬያቸዋለሁ።

ትናንት ቤተ ልሔም ስደርስ ከጽዱ ሥር ተቀምጠው ተማሪዎቹን ጾመ ድጓ ያስቀጽሉ ነበር። ድምፃቸው ከሩቅ ሲሰማ ያው ነው፤ ስቀርብ ግን በየመስመሩ መጨረሻ ትንፋሽ እንደሚያጥራቸው ሰማሁ። መሪጌታ ወልደ ሰንበት በዚያች ክፍተት እየገቡ ያነሡላቸዋል፤ ተማሪዎቹም የሚያውቁት ነገር መስሎ ታየኝ። የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ፣ ወይም ነኝ ያልሁ።

ሁሉንም አስነሡልኝ። ሁለታችን ቀረን።

«አንተ፣ የሆድህ ነገር ሦስት አይደለም» አልሁ።

«ስንት ነው?»

«አሥራ አራት።»

መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት።

«ልጅቱ ተሳሳተች?»

እዚህ ላይ ቤዛ፣ «አዎ» ብል ያምኑኝ ነበር። ያዝኑልሽና ይምሩሽ ነበር፤ እኔም ከአውድማው ምርቃት አንዲቱ ሳትቀነስብኝ ወደ ቤቴ እመለስ ነበር። ቃሉ አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ይህን የምጽፍልሽ እንድታውቂው ነው።

«አልተሳሳተችም። እኔ ነኝ» አልሁ። ከጠርሙሱ ጀምሮ ነገርኋቸው። ምላጩን፣ ብልቃጡን። አረቄው ላይ ስደርስ ቆምሁ።

«ምን ሞላህበት?» አሉ።

«አረቄ።»

«የማን አረቄ?»

«የፋንቱ። ዳግም።»

ቤዛ፣ ሳቁ። እንደ ልጅነታችን፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ሳቁ። እኔ ይህን ሳቅ ስንት ወር ነው አስቀምጬለት የኖርሁት! ደግሞ መሀል ላይ ተቆረጠ። እጃቸው ከጎድናቸው በታች ሄዶ ያዘ። ዐይናቸውን ጨፈኑ። ሲገልጡትም እጃቸው ከዚያ አልተነሣም።

ቆይተው «የመምህራችንን ሰዓት የፈታህ ዕለት ትዝ ይልሃል?» አሉኝ። «ያኔም እመልሰዋለሁ ብለህ ነበር። ብሎኑን በነጠላህ ጫፍ ቋጥረህ ሦስት ቀን ይዘኸው ዞርህ።»

«ትዝ ይለኛል።»

«አንዱን ብሎን እኔ ነበርሁ የደበቅሁት።» አሉ። ለአርባ ስምንት ዓመት ያልነገሩኝን ነው የነገሩኝ። ይቅር አሉኝ ወይስ አላሉኝም፣ እስካሁን አላወቅሁም፤ መጠየቅም አልደፈርሁም።

ነገ ሆሣዕና ነው፤ ሰኞ ሕማማት ይገባል። እስከ ትንሣኤ ከቤተ ልሔም አልነቃነቅም ብለዋል። «አሥራ አራት ቢሆንም ዘንድሮ ለሰሙነ ሕማማት ከእኔ ሌላ ለተማሪዎቹ ማን ዜማ ያነሣላቸዋል?» አሉ፤ ይህን ሲሉ ግን የወልደ ሰንበትን ደጅ እያዩ ነው። ከትንሣኤ በኋላ፣ መንገድ ካለ፣ ራሴ ይዣቸው እመጣለሁ። ኪኒኑን ግን እሺ ብለዋል። «የታመመ ጾም የለበትም ብሎ አርባ ዓመት ሲያስተምር የኖረ ሰው ነህ» ብዬ ብከራከራቸው፣ «ያንን ለሌላ ሰው ነው ያስተማርሁት» አሉኝ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ በትልቅ ብርጭቆ ውሃ ይውጡታል። ብርጭቆውን ገዝቼ ሰጥቻቸዋለሁ።

ሚሊዮን ነገ ጠዋት ይነሣል። ረቡዕ ከተመለሰ ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላ ግን ጎማው መቼ እንደሚዞር አላውቅም ብሎኛል። ስለዚህ ኪኒኑን በእሱ ላኪው። ክዳኑን በፕላስተር አሽጊው፤ በፕላስተሩ ላይ ፈርሚበት፤ ፊርማሽ ከጠርሙሱ ላይ ወርዶ ክዳኑ ላይ ይድረስ። እኔ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆሜ እቀበለዋለሁ። ሱቄም አላስገባውም። በቀጥታ ቤተ ልሔም ወስጄ በእጃቸው አኖረዋለሁ፤ የሚከፍቱት እሳቸው ናቸው።

ስንት ፍሬ እንደሆነ በደብዳቤ ጻፊልኝ። ከውጭ፣ በጠርሙሱ መስተዋት አሻግሬ እቆጥረዋለሁ።

አጎትሽ ዋሲሁን